በሳፋው አጠገብ ያገኘሁት እምነት

(በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እዚህ መድረክ ላይ ስወጣ መጀመሪያ የታየኝ ምን መሰላችሁ? በሞርኒንግ ሴሽን ላብ በላብ ያደርጉኝ የነበሩ መምህሮቼ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል። ዛሬም እጃቸውን እንዳያወጡ እየፈራሁ ነው የምናገረው። (ሳቅ)

አዘጋጆቹ ደውለው «ስለ በጎ ፈቃድ አገልግሎት ተናገሪልን» ሲሉኝ እሺ አልኩ። ቁጭ ብዬ ለመጻፍ ስሞክር ግን ነገሩ አስቸገረኝ። ስለ አገልግሎቱ ብቻ ብናገር ግማሹን ደብቄ መሄዴ ነው። እኔ እዚያ የሄድኩት እግር ላክም ነበር፤ የተመለስኩት አማኝ ሆኜ ነው። ሁለቱን ለያይቼ መናገር አልቻልኩበትም። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ኦርቶዶክስም፣ ፕሮቴስታንትም፣ ካቶሊክም፣ ሙስሊምም፣ «እኔ በዚህ ነገር የለሁበትም» የሚልም እንዳለ አውቃለሁ። ስብከት አላመጣሁም። እንደ ኬዝ ፕሬዘንቴሽን ቁጠሩልኝ፤ እንደ ደንቡም ከሂስትሪ እጀምራለሁ።

ወደ ጎንደር የመጣሁት በ1990 ዓ.ም. ነው። ስንገባ የሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ስንመረቅ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ነበር። መምህሮቻችን የዚህን ቤት ታሪክ ደጋግመው ይነግሩን ነበር። በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ሆኖ ሲከፈት፣ ከበስተጀርባው በደምቢያ ብዙ ሕዝብ የጨረሰ የወባ ወረርሽኝ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች የጤና መኮንኖች፣ የኮሚዩኒቲ ነርሶችና የሳኒቴሽን ባለሙያዎች ነበሩ፤ በቡድን ሆነው ገጠር እንዲወርዱ ነው የሠለጠኑት። የሕክምና ትምህርት ቤቱ በ1978 እ.ኤ.አ. ከላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ሲጀመርም ያ ልማድ አልቀረም። ቲቲፒ ወጥታችሁ ቆላ ድባ ወይም ሌላ ጤና ጣቢያ የከረማችሁ ታውቁታላችሁ። ሽንት ቤት ስናስቆፍር፣ ቤት ለቤት ስንዞር፣ ልጆች ስንከትብ ከርመን ስንመለስ፣ ግማሻችን ከስተን ግማሻችን ተዋደን ነበር የምንመለሰው። (ሳቅ) ስለዚህ ገጠር ወርዶ ማገልገል ለጎንደር ልጅ አዲስ ነገር አይደለም። ለእኔ አዲስ የሆነብኝ እዚያ ያገኘሁት ነው።

በእምነት በኩል ያለኝ ሂስትሪ አጭር ነው። በሰማንያ ቀኔ ክርስትና ተነሥቻለሁ። እናቴ ረቡዕና ዓርብን፣ ሁዳዴንና ፍልሰታን አንድም ቀን ሳታጓድል የምትጾም ሴት ናት። እኔም ነጠላዋን ይዤ ቤተ ክርስቲያን ስመላለስ ነው ያደግኩት። ኢንተርን ሳለሁ ግን አንድ ክረምት በሕፃናት ዋርድ አሳለፍኩ። የዚያን ጊዜ ሰዎች ታስታውሱታላችሁ። በአንድ ሌሊት ዱቲ ሦስት ሕፃናት የሞቱበት ቀን ነበር። ጠዋት እናቴ ደውላ «ጸልየሻል ወይ?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። ከእግዚአብሔር ጋር አልተጣላሁም፤ ክርክርም አልገጠምኩም። ዝም ነው የተባባልነው። ያ ዝምታ ከአሥር ዓመት በላይ ቆየ።

በ2008 ዓ.ም. የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ሆኜ አዲስ አበባ እሠራ ነበር። በዚያ ዓመት ሁለት ነገር በአንድ ሰሞን መጣብኝ። አንዱ፣ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በአንዱ ካለ ሆስፒታል የመጣ የሥራ ውል ነው። ደመወዙን አልነግራችሁም፤ እዚህ በዓመት የማገኘውን እዚያ በወር አገኝ ነበር ብል ይበቃል። አባቴ አርፎ ነበር፤ ሁለት ታናናሾቼ ገና ተማሪዎች ነበሩ። መልስ እንድሰጥ የተሰጠኝ ጊዜ ሁለት ወር ነው። ሁለተኛው፣ እዚህ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ ስልክ ነበር። «ምሥራቅ ጎጃም ላይ ለዝሆኔ ሕሙማን አገልግሎት ጀምረናል፤ ለአራት ሳምንት ሐኪም ጎድሎናል፤ የዓመት ፈቃድሽን ስጪኝ» አለኝ። እሺ ስለው ጽድቅን አስቤ አልነበረም። «ፈረምሽ ወይ?» ከሚሉኝ ሰዎች ለአንድ ወር ዞር ማለት ፈልጌ ነው።

ሐኪም ላልሆናችሁ ምሩቃን ስለ በሽታው ትንሽ ላብራራ። ዝሆኔ ሲባል ብዙዎቻችን በትንኝ የሚተላለፈው ነው የሚመስለን። በደጋው አገራችን በብዛት ያለው ግን ሌላ ነው፤ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። ስሙ እግርና አቧራ ከሚሉ የግሪክ ቃላት የመጣ ነው። ትል የለበትም፤ ባክቴሪያም አያመጣውም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሰው ከእሳተ ገሞራ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ ሲሄድ ጥቃቅን የማዕድን ቅንጣቶች በቆዳው ይገባሉ፤ የሊምፍ ቧንቧዎቹን ያስቆጣሉ፤ ቧንቧዎቹ እየጠበቡ ይደፈኑና እግሩ ያብጣል። ይህን በሽታ ለይቶ በማሳወቅ ትልቅ ድርሻ ያለው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሥራውን የሠራው እዚሁ በእኛ አገር ነው። ዛሬ በኢትዮጵያ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሠቃዩ ይገመታል። መከላከያው ምንድን ነው ካላችሁ፣ ጫማ ነው።

በባዶ እግሩ የሄደ ሁሉ አይታመምም። በቤተሰብ የሚወረስ ተጋላጭነት አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣው፣ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች የተሳተፉበት የዘረመል ጥናት ይህንኑ አሳይቷል። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ክሊኒኩ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ የተሠራ የቆርቆሮ ዳስ ነው። አግዳሚ ወንበር፣ ሳፋ፣ የውሃ በርሜል፣ ሳሙና፣ በረኪና፣ ቫዝሊን፣ ፋሻ፤ በቃ ይኸው ነው። ሰባት ዓመት ሕክምና፣ ከዚያ ደግሞ ስፔሻሊቲ ተምሬ ሄጄ የመጀመሪያ ሥራዬ ምን ሆነ? ውሃ መቅዳት። (ሳቅ) አሠራሩ ቀላል ነው። እግሩ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፤ ትንሽ በረኪና ጠብ በተደረገበት ውሃ ይዘፈዘፋል፤ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በደንብ ይደርቃል፤ ቫዝሊን ይቀባል፤ እንደ ሁኔታው በፋሻ ይጠቀለላል፤ ካልሲና ጫማ ይደረጋል። በማግሥቱ እንደገና። ዋናው ግብ ሕመምተኛው ቤቱ ሆኖ ራሱ እንዲያደርገው ማስተማር ነው። መጀመሪያ ላይ ግን የምናጥበው እኛ ነን።

ይህ ምን ለውጥ ያመጣል የሚል ካለ ማስረጃ አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. በላንሴት ግሎባል ኸልዝ የወጣው ጥናት የተሠራው በዚያው በምሥራቅ ጎጃም ነው፤ 696 ሕሙማን ተሳትፈውበታል። እንክብካቤው ገና ባልደረሳቸው ሕሙማን ላይ እግሩ በዓመት በአማካይ ወደ 24 ጊዜ ያገረሽ ነበር፤ እንክብካቤውን ባገኙት ላይ ወደ 19 ጊዜ ወርዷል። «አምስት ጊዜ ብቻ?» ትሉ ይሆናል። አንዱ ማገርሸት በትኩሳትና በሥቃይ ለቀናት አልጋ ላይ ይጥላል። በእርሻ ወቅት አምስት ጊዜ ከመውደቅ መዳን ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ የገበሬ ልጅ የሆናችሁ ታውቃላችሁ።

አጣቢዎቹን የሚመራው ሙስሊም ነርስ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ፊቴን አየና «ዶክተር፣ ሽታው በሦስተኛው ቀን ይጠፋል» አለኝ። «ከእነሱ ነው ከእኔ?» አልኩት። «ከሁለታችሁም» አለኝ። እንደዚያ ቀስ ብሎ፣ በየጣቱ መካከል እየገባ ሲያጥብ አይቼ ከየት እንደተማረው ጠየቅኩት። «እኛ እግራችንን ሳንታጠብ ለሶላት አንቆምም። ለእነዚህ ሰዎች ግን ስንት ዓመት እግራቸውን የነካላቸው የለም» አለኝ።

እውነቱን ነው። እግሯን በፌስታል ጠቅልላ የመጣች ሴት ነበረች። የመጣችው አልፎ አልፎ ለሚነሣባት ትኩሳት ነው እንጂ ስለ እብጠቱ አንድም ቃል አልተናገረችም። ሰርግ ቤት አትጠራም፤ ለቅሶ ስትደርስ ከሁሉ በስተኋላ ነው የምትቀመጠው። ልጇን ሊያጩ የመጡ ሽማግሌዎች የእናትየዋን እግር አይተው ተመልሰዋል። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። የዝናብ መዘግየት የምታወራ ነበር የምትመስለው።

ከሕሙማኑ አንዱ የቅኔ መምህር ነበሩ። ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። ልጅነታቸውን በቆሎ ተማሪነት ነው ያሳለፉት። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳቸውን ይዘው፣ በባዶ እግራቸው ከደብር ደብር፣ ከመምህር መምህር ዞረዋል። «ቅኔውንም ዝሆኔውንም የለቀምኩት ከአንድ መንገድ ነው» ይሉ ነበር። ሁለቱም እግራቸው እስከ ጉልበት አብጦ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ ይወለቃል፤ እሳቸውም ሽታው ሰው ያውካል ብለው ለሦስት ዓመት ወደ ውስጥ ሳይገቡ፣ ከዛፍ ሥር ቆመው ነበር የሚያስቀድሱት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት «እርስዎ» ይሉኝ ነበር፤ «ዶክተር፣ እጅዎ አይቆሽሽ፣ ሌሎቹ ይጠቡት» እያሉ። በአምስተኛው ቀን እግራቸውን እያደረቅኩ ሳለ «ልጄ» አሉኝ። «ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ይህ በሽታ የኃጢአት ነው ይላሉ። እንዲያ ከሆነ የእኔ ነው የአባቴ?» አባታቸውም እግራቸው አብጦ ነበር የሞቱት።

የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ አፈሩ፣ ስለ ቧንቧዎቹ፣ ስለ ተጋላጭነቱም። ያልኩት ሁሉ ትክክል ነበር። ግን ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። «በዘር ይሄዳል» ማለት ለእኔ የዘረመል ቋንቋ ነው፤ ለእሳቸው ጎረቤት ሲያማቸው የኖረበት ቃል ነው። የኔታ በትዕግሥት ሰምተው ሲያበቁ «የአፈሩን ነገርሽኝ፤ እኔ ግን ስለ አፈሩ አልጠየቅኩሽም» አሉኝ። ቀጠሉና «የዮሐንስን ወንጌል አንብበሽዋል?» አሉ። ልጅ ሆኜ ሲነበብ ከመስማት በቀር አላነበብኩትም ነበር። «ሃያ አንድ ምዕራፍ ነው። በቀን አንድ አንብቢ። እስክትሄጂ ያልቅልሻል።»

እንደ መድኃኒት ነው ያዘዙልኝ፤ በቀን አንድ፣ ማታ ማታ። ከጤና ጣቢያው ፋርማሲስት መጽሐፍ ቅዱስ ተውሼ በስልኬ መብራት ማንበብ ጀመርኩ።

በዘጠነኛው ማታ ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። ተአምር ነው አልላችሁም፤ በቀን አንድ ምዕራፍ ያነበበ ሁሉ በዘጠነኛው ቀን እዚያው ነው የሚደርሰው። (ሳቅ) ዕውር ሆኖ የተወለደ ሰው አለ። ደቀ መዛሙርቱ ጌታን የሚጠይቁት የኔታ እኔን የጠየቁኝን ነው፤ የእሱ ኃጢአት ነው ወይስ የወላጆቹ? ጌታም የማንኛቸውም እንዳልሆነ ይመልሳል። ከዚያ የሚያደርገውን ሳነብ ነው የቆምኩት። አፈር ይዞ በምራቁ ጭቃ ያደርጋል፤ የሰውየውን ዓይን ይቀባል፤ ሄዶ እንዲታጠብ ያዘዋል። አፈርና ውሃ! ቀኑን ሙሉ ከሁለቱ ጋር ስታገል ነበር የዋልኩት። ጠያቂዎቹ ጥፋተኛ ፈለጉ፤ እሱ እጁን ጭቃ ውስጥ ከተተ። እንዲህ ያለ አምላክ ካለ ላውቀው እፈልጋለሁ ብዬ አሰብኩ። በአሥር ዓመት ውስጥ ስለ እግዚአብሔር እንዲህ ሳስብ የመጀመሪያዬ ነበር።

ጠዋት ለየኔታ እንዳነበብኩት ነገርኳቸው። «ታዲያ የማን ነው?» አሉኝ ፈገግ ብለው። «የእርስዎም የአባትዎም አይደለም» አልኳቸው። ፈገግታቸው ቀረ። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። የኔታ መልሱ ጠፍቷቸው ነው? ከእኔ መወለድ በፊት ያውቁታል፤ ሲያስተምሩት ኖረዋል። ግን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ እግርህን ከያዘ ሰው አፍ መስማት ደግሞ ሌላ ነው።

በአሥራ ሦስተኛው ማታ የእግር ማጠቡ ምዕራፍ መጣ። ጸሎተ ሐሙስ ካህናት የምእመናንን እግር ሲያጥቡ ከልጅነቴ ጀምሮ አይቻለሁ። ያን ማታ ዓይኔ ያረፈው ግን ጴጥሮስ ላይ ነው። ጴጥሮስ እግሩን ለመታጠብ እምቢ ይላል። የእኛም ሕሙማን እኮ በመጀመሪያው ቀን ሁሉም እምቢ ይላሉ! እግሩን ይሰበስባል፣ በነጠላ ይሸፍናል፣ «ግድ የለም ራሴ እታጠባለሁ» ይላል። ከማጠብ ይልቅ መታጠብ እንደሚከብድ ያወቅኩት እዚያ ነው። እኔስ ብዬ ራሴን ጠየቅኩ። አሥር ዓመት እግሬን ሰብስቤ ነበር የተቀመጥኩት። ያን ማታ ጸለይኩ። ረጅም ጸሎት አልነበረም። «እዚህ ነህ እንዴ?» ነው ያልኩት።

ብርሃን አላየሁም፤ ድምፅም አልሰማሁም። ስለነዚያ ሦስት ሕፃናት የነበረኝ ጥያቄ አልተመለሰልኝም፤ እስከ ዛሬም መልስ የለኝም። ዝምታው ግን ተሰበረ። ከዚያ ማታ ወዲህ እጠይቀዋለሁ፣ እለምነዋለሁ፣ አንዳንዴም እሟገተዋለሁ። እምነት ብዬ የምጠራው ይህንን ነው።

የውሉ ነገር ግን ነበር። ልሄድ ሦስት ቀን ሲቀረኝ ለየኔታ አወራኋቸው። «ሱባኤ ልግባ? እግዚአብሔር ሂጂ ይበለኝ ቅሪ በምን ልወቅ?» አልኳቸው። በልቤ «ቅሪ፣ ወገንሽን አገልግይ» ይሉኛል ብዬ ነበር። የኔታ እግራቸውን ከሳፋው አውጥተው ፎጣው ላይ አሳረፉና እንዲህ አሉኝ፦ «ሂጂም ቅሪም አልልሽም። ሄደሽ የምታጥቢው እግር ካገኘሽ ሂጂ። ቀርተሽ የማታጥቢ ከሆነ መቅረትሽ ለማን ነው?»

እኔ የጠየቅኩት ስለ አገር ነበር፤ እሳቸው የመለሱልኝ ስለ ሰው ነው። እግዚአብሔር ሰውን የሚመራው በካርታ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ጸሎቴ ተቀየረ፤ «ወዴት ልሂድ?» ማለቱን ትቼ «በምሄድበት ማንን አደራ ትሰጠኛለህ?» ማለት ጀመርኩ።

ከዚያ ሄድኩ። የታናናሾቼ ትምህርት መከፈል ነበረበት፤ ይህንንም ከእግዚአብሔር ፊት የምደብቀው ነገር አላደረግኩትም። እዚያ ስደርስ ድንገተኛ ክፍል የሚመጡ ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞችን አገኘሁ። ቋንቋ የለ፣ ዘመድ የለ፤ ብዙ ጊዜ የምትናገርላቸው አሠሪያቸው ነች። አንዷን አልረሳትም፤ ሆዷን አሟት ነበር የመጣችው። ጠጋ ብዬ በአማርኛ «እኅቴ፣ ምን ሆንሽብኝ?» ስላት ግማሽ ሰዓት አለቀሰች። ትክክለኛው ሂስትሪ የተወሰደው ከዚያ በኋላ ነው። ኃላፊዬን አስፈቅጄ በዕረፍት ቀኔም ሲጠሩኝ እየሄድኩ ማስተርጎም ጀመርኩ። «ሄደሽ የምታጥቢው እግር» ያሉኝ የኔታ ናቸው፤ እግዚአብሔርም እዚያ ድረስ ሄዶ ጠበቀኝ ብዬ ነው የማምነው። ውጭ አገር የምትኖሩ ወንድሞችና እኅቶች፣ በሄዳችሁበት የሚያስፈልጋችሁ ሰው አለ። መሄዳችሁን የምትጸጸቱበት ሸክም አታድርጉት፤ የሚጠብቃችሁን ሰው ግን ፈልጉት።

ሁለት ዓመት ሠርቼ ተመለስኩ። የኔታን ሳገኛቸው እብጠቱ ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። በእግራቸው ልክ የተሠራ ጫማ አድርገዋል። ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚያደርጉት ንጹሕ ካልሲ አላቸው፤ ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አውልቀው በካልሲያቸው ቅኔ ማኅሌት ይገባሉ። ከዚያ በኋላ መንገዱ በፈቀደ ጊዜ ሁሉ የዓመት ፈቃዴን እዚያ አሳልፌያለሁ። ባለፉት ዓመታት በግጭቱ ምክንያት ሳልሄድ የቀረሁባቸው ጊዜያት አሉ። ነርሱ ግን እዚያው ነው፤ ስልክ ሲሠራ ይደውልልኛል፤ ሳሙና ማለቁን ይነግረኛል።

ለወጣት ሐኪሞችና ለተማሪዎች ሦስት ነገር ላስተላልፍ።

አንደኛ፣ እጃችሁ ውስጥ ላለ ሕመምተኛ አትስበኩ። እግሩን ይዛችሁት እያለ «አይሆንም» ሊላችሁ አይችልም። የኔታ ራሳቸው ጠየቁኝ፤ ራሳቸውም መሩኝ። ነርሱም ሃይማኖቱን ያሳየኝ በሚያጥብበት እጁ ነው። ሕመምተኛው ከጠየቃችሁ በእውነት መልሱ፤ ካልጠየቃችሁ በደንብ አክሙት፤ ያ ራሱ ይናገራል።

ሁለተኛ፣ እምነት የሳሙናን ቦታ አይወስድም። ከሕሙማኖቻችን ብዙዎቹ ጸበል ይጠመቃሉ፤ «ተጠመቁ፣ እግራችሁንም በሳሙና ታጠቡ፣ ጫማም አድርጉ» ነው የምላቸው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መወሰድ እንደሚችሉ በይፋ ሲናገሩ፣ «መድኃኒቱን ልተወው ወይ?» እያለ ለሚጨነቅ ብዙ ሕመምተኛ መንገድ ከፍተዋል። በመድኃኒትና በጸሎት መካከል ምረጥ ብለን ሕመምተኛን የምናስጨንቅበት ምክንያት የለም።

ሦስተኛ፣ ምሪትን ለማግኘት ሥራ አታቁሙ። ካትሪንና ሬጅናልድ ሐምሊንን አስቡ። በእምነታቸው የጸኑ ክርስቲያን ባልና ሚስት ናቸው፤ በላንሴት መጽሔት ላይ የወጣ የሥራ ማስታወቂያ አይተው ነው በ1951 ዓ.ም. የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት ለማቋቋም አዲስ አበባ የመጡት። ውላቸው ሦስት ዓመት ነበር። ፊስቱላ ያለባቸውን ሴቶች ያገኙት ከመጡ በኋላ፣ ሥራ ላይ እያሉ ነው። ዶክተር ካትሪን በ2012 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ እዚሁ ኖሩ። በሥራ ማስታወቂያ የተጀመረ ጥሪ ነው! እናንተም ልዩ ምልክት ስትጠብቁ ከፊታችሁ ያለው ሰው እንዳያልፋችሁ።

አሁን ደግሞ ወደ ልመናው ልግባ፤ ያለ ልመና የሚያልቅ የምሩቃን ስብሰባ የለምና። (ሳቅ) መምህራን፣ ተማሪዎቻችሁ ገጠር ሲወጡ ቢያንስ አንድ ቀን የዝሆኔ ሕመምተኛ እግር በእጃቸው ይጠቡ። በፈተና የሚጠየቅ ስላልሆነ ብቻ ሳያዩት እንዳይመረቁ። ምሩቃን፣ ጫማ መላክ ለምትፈልጉ አንድ ምክር አለኝ። ያበጠ እግር ከሱቅ የተገዛ ጫማ አይገባበትም። ለልጆች ተራ ጫማ ላኩ፤ ያ በሽታውን ይከላከላል። ለታመሙት ግን እግር ለክቶ የሚሠራውን የአካባቢውን ጫማ ሰፊ ደግፉት። ሳሙናና ቫዝሊን ደግሞ በየወሩ ያልቃል፤ አንድ ጊዜ በብዛት ከመስጠት በየወሩ ትንሽ መስጠት ይሻላል።

እምነት የጠፋባችሁ ወይም ዝም ያላችሁ ካላችሁ፣ እኔ የምሰጣችሁ ክርክር የለኝም። የኔታ ለእኔ ያዘዙልኝን ላዝዝላችሁ እችላለሁ፤ ቀን የሰው እግር፣ ማታ አንድ ምዕራፍ። የጎንዮሽ ጉዳቱ ዕቅዳችሁን ሊቀይር መቻሉ ነው። (ሳቅ)

መምህሮቻችንን ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ያረፉትን ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። የከርሞ ሰው ይበለን።